ከርነል ሜሞሪውን ሲያካፍል፦ ከማንቸስተር እስከ ድባጤ

የኮምፒውተር ሜሞሪ በመጀመሪያ ጠባቂ አልነበረውም። በ1950ዎቹ አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚያሠራው አንድ ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙም ከመጀመሪያው አድራሻ እስከ መጨረሻው ያሻውን ያነባል፣ ያሻውን ይጽፋል። ቢሳሳት የሚያበላሸው የራሱን ሥራ ነው። ነገሩ የተለወጠው አንድ ማሽን የብዙ ሰው ፕሮግራም ማስተናገድ ሲጀምር ነው። የአንዱ ስህተት የሌላውን ሥራ ማጥፋት ቻለ፤ ሜሞሪውን የሚያከፋፍልና የሚጠብቅ የበላይ ፕሮግራምም አስፈለገ። ይህ የበላይ ፕሮግራም በኋላ ከርነል የሚል ስም ወጣለት።

ከርነል የራሱን ሜሞሪ ከተራ ፕሮግራሞች ለይቶ አጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ለፍጥነት ሲባል ካጠረው ላይ መልሶ ማካፈል ጀመረ። ያካፈለው እንዴት እንደሆነና ማካፈሉ ምን እንዳስከተለ የሚናገረው ታሪክ ከእንግሊዝ ይነሣል፤ አሜሪካን አቋርጦ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል መተከል ዞን ድባጤ ድረስ ይዘልቃል። ጉሙዝኛ የሚጻፍበት ፊደል የስልክ ስክሪን ላይ የሚታየው ከርነል ባካፈለው ሜሞሪ በኩል ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለበት ቦታ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጥሩ ሲታጠር

ዲሴምበር 7 ቀን 1962 ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አትላስ የተባለ ኮምፒውተር ተመረቀ። በቶም ኪልበርን የሚመራ የዩኒቨርሲቲው ቡድን ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር ሆኖ የሠራው ነው። አትላስ ሁለት ዓይነት ሜሞሪ ነበረው፤ አንዱ ፈጣን ሆኖ 16 ሺህ ያህል ወርድ (የሜሞሪ ቃል) ብቻ የሚይዝ ኮር፣ ሌላው ዘገምተኛ ሆኖ 96 ሺህ ያህል ወርድ የሚይዝ ድረም። ከዚያ በፊት መረጃን በሁለቱ መካከል የሚያመላልሰው ፕሮግራም ጸሐፊው ራሱ ነበር። የኪልበርን ቡድን ይህን ሸክም አነሣለት። ሜሞሪውን እያንዳንዳቸው 512 ወርድ ወደሚይዙ ገጾች ከፋፈለው፤ ኮሩ በአንድ ጊዜ 32 ገጽ ይይዛል ማለት ነው። ፕሮግራሙ አንድ አድራሻ ሲጠራ ሃርድዌሩ ገጹን ይፈልጋል፤ ኮር ውስጥ ካጣው ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ሱፐርቫይዘር የተባለው የበላይ ፕሮግራም ገጹን ከድረም ያመጣል፣ የቆመውም ምንም እንዳልተፈጠረ ካቆመበት ይቀጥላል።

ከዚህ የበለጠ ዋጋ ያለው ሌላ ነገር አብሮ መጣ። ፕሮግራሙ የሚጠራው አድራሻና ሜሞሪው በእርግጥ ያለበት ቦታ ተለያዩ፤ በመካከላቸው የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ገባ። ሠንጠረዥ ካለ ሁለት ፕሮግራሞች አንድ ዓይነት አድራሻ እየጠሩ በተለያየ ገጽ ላይ መሥራት ይችላሉ፤ በተለያየ አድራሻ አንዱን ገጽ መጋራትም ይችላሉ። ጥበቃም መጋራትም ከአንድ ሠንጠረዥ ተወለዱ ማለት ነው።

መጋራቱን እስከ ጥግ ሊወስደው የሞከረው መልቲክስ ነው። ኤምአይቲ፣ ቤል ላብስና ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1960ዎቹ አጋማሽ አብረው ያቀዱት ይህ ሲስተም ፋይልንና ሜሞሪን አንድ አደረገ፤ ፋይል የከፈተ ፕሮግራም ፋይሉን እንደ ራሱ ሜሞሪ በአድራሻ ይደርስበታል። ሥልጣንንም ቀለበት በሚሏቸው ደረጃዎች ከፋፈለው። ሐሳቡ ድንቅ ነበር፤ ሥራው ግን ተጓተተ፣ በ1969 ቤል ላብስ ጥሎ ወጣ።

ከቤል ላብስ ሰዎች አንዱ ኬን ቶምፕሰን በዚያው ዓመት ፒዲፒ-7 በተባለች አነስተኛ ማሽን ላይ ዩኒክስን ጀመረ፤ ዴኒስ ሪቺም አብሮት ሠራ። ዩኒክስ መጀመሪያ ሲወጣ ከለላ የሚሆነው ሃርድዌር አልነበረውም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ፒዲፒ-11/45 ሲገባ ግን ማሽኑ ራሱ በከርነልና በተጠቃሚ ሁኔታ መካከል መለየት ቻለ። ዩኒክስ የመረጠው መንገድ ቀላል ነው፦ መገልበጥ። ፕሮግራሙ «ፋይል ላንብብ» ሲል ከርነሉ መረጃውን ከዲስክ ወደ ራሱ ቋት ያመጣል፣ ከቋቱ ደግሞ ወደ ፕሮግራሙ ሜሞሪ ይገለብጣል። አንድ መረጃ ሁለት ቦታ ይኖራል፤ ጊዜም ይፈጃል። በምትኩ ፕሮግራሙ የከርነሉን ሜሞሪ በጣቱም አይነካም።

እንዲያም ሆኖ አጥሩ ገና ከጅምሩ ቀዳዳ ነበረው። «ዴቭ ሜም» የተባለ ልዩ ፋይል የማሽኑን ሜሞሪ በሙሉ እንደ አንድ ፋይል ያቀርባል። በሥራ ላይ ያሉ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው «ፒኤስ» ትዕዛዝም መረጃውን ያገኝ የነበረው የከርነሉን ሜሞሪ በቀጥታ አንብቦ ነው። የሚገባበት ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ይህ ማንንም አላሳሰበም።

ስክሪኑና ፊደሉ

በ1979 መጨረሻ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ኦዛልፕ ባባኦግሉና ቢል ጆይ ለቫክስ ማሽን ቨርቹዋል ሜሞሪ ያለው ዩኒክስ አወጡ። ኦገስት 1983 የወጣው 4.2ቢኤስዲ ማኑዋሉ ላይ «ኤምማፕ» የሚባል አዲስ ጥሪ ጠቀሰ፤ አንድን ፋይል ወይም መሣሪያ በፕሮግራሙ አድራሻ ውስጥ እንዲታይ የሚያደርግ። ማኑዋሉ ላይ ተጻፈ እንጂ አልተሠራም ነበር።

በርክሌይ ማኑዋል ሲጽፍ፣ በሌላ ወገን አጥር የሚባል ነገር የማያውቅ ማሽን ዓለምን አጥለቅልቆ ነበር። ኦገስት 1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ በኢንቴል 8088 የሚሠራ ነው፤ ይህ ፕሮሰሰር ከርነልና ተጠቃሚ ብሎ አይለይም። በቀለም ስክሪን ላይ አንድ ፊደል ለማሳየት የፊደሉን ቁጥር ቢ8000 በተባለው አድራሻ ላይ መጻፍ ይበቃል። 80 ዓምድና 25 መስመር ያለው የጽሑፍ ስክሪን 2,000 ቦታ አለው፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት፣ በድምሩ 4,000 ባይት። በፒሲው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዶስ ላይ ማንኛውም ፕሮግራም ማንንም ሳያስፈቅድ እዚያ ይጽፍ ነበር።

የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር የገባው በዚህ ልቅ ዘመን ነው። በ1980ዎቹ እንደ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በግል ኮምፒውተር ላይ በፊደላችን ለመጻፍ የሚያስችሉ ሥራዎችን አበረከቱ። የገጠማቸው ማነቆ የሜሞሪ ነበር። የፒሲው የጽሑፍ ስክሪን የሚያውቀው 256 ቅርጽ ነው፤ በ1984 የመጣው ኢጂኤና በ1987 የመጣው ቪጂኤ ይህን ቢበዛ ወደ 512 አሳደጉት። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ 256 ያልፋል፤ ላቲኑን የት ልናደርገው ነው? መውጫው ሁለት ነበር። አንዱ ፊደሉን በቁርጥራጭ ቀጥሎ መሥራት፤ ሌላው የጽሑፉን ስክሪን ትቶ በግራፊክስ ሁኔታ እያንዳንዱን ነጥብ ራስ ማስቀመጥ። ሁለተኛው የሚቻለው ፕሮግራሙ የቪዲዮ ሜሞሪውን በቀጥታ ስለሚደርስበት ነው። የቁልፍ ሰሌዳውን ጥሪ እየጠለፈ «ለ» እና «ሉ»ን የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ሜሞሪ ውስጥ መቀመጥ የቻለውም ከልካይ ስለሌለ ነው። ልቅነቱ ፊደሉን ጠቅሞታል፤ ዋጋው አንድ ስህተት ማሽኑን ጭራሽ ማቆሙ ነበር።

ልቅነቱን የሚያስቆም ፕሮሰሰር ኦክቶበር 1985 ወጣ። ኢንቴል 80386 ሜሞሪን በ4,096 ባይት ገጾች ይከፍላል፤ በየገጹ መዝገብ ላይም «ይህ የከርነል ነው» ወይም «ተጠቃሚ ይንካው» የሚል አንድ ቢት አለ። የፒሲው የጽሑፍ ስክሪን ሙሉ በሙሉ አንድ ገጽ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

«ኤምማፕ»ን ከማኑዋል ወደ ሥራ በሙሉነት ያመጣው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነው። በ1988 የወጣው ሰንኦኤስ 4.0 ሜሞሪውን አዲስ አድርጎ ሠራው፤ ፋይልም መሣሪያም በአንድ ዓይነት ጥሪ በፕሮግራሙ አድራሻ ውስጥ ይታዩ ጀመር። አሠራሩ ከእኩል አራሽነት ጋር ይመሳሰላል። መሬቱ የባለርስቱ እንደሆነ ይቀራል፤ አራሹ ከዚህ ድንጋይ እስከዚያ ድንጋይ ተብሎ ይታይለታል፣ በተሰጠው ላይ በየቀኑ ሳያስፈቅድ ይሠራል። ከርነሉም ገጹን አይሰጥም፤ ያሳያል። ፕሮግራሙ አንዴ ከተፈቀደለት በኋላ እያንዳንዱን ንባብና ጽሕፈት ያለ ጥሪ፣ ያለ ግልባጭ ያከናውናል። ጣጣው ሁሉ ያለው ወሰኑ በሚለካበት ቅጽበት ነው። ያን ወሰን የሚለካው ደግሞ ብዙ ጊዜ የከርነሉ ዋና ክፍል ሳይሆን አንዱን መሣሪያ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨር ጸሐፊው ፊት ያለው ሥራ

በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ ሄልሲንኪ ውስጥ 386 ማሽን ላይ ሊኑክስን ጀመረ። በማግስቱ ዓመት ስክሪን ላይ መስኮቶችን የሚሥለው ኤክስ ዊንዶው ሲስተም ወደ ሊኑክስ ሲመጣ የስክሪኑን ሜሞሪ የሚያገኘው በዚያው በጥንቱ «ዴቭ ሜም» በኩል ነበር፤ ከነሙሉ የሩት (የበላይ አስተዳዳሪ) ሥልጣኑ የቪዲዮ ካርዱን ሜሞሪ በራሱ አድራሻ ውስጥ ያስገባና በቀጥታ ይሥላል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፍሬምበፈር፣ ማለትም የስክሪን ምስል ቋት፣ ድራይቨሮች ሲመጡ ለስክሪኑ ብቻ የተለየ በር ተከፈተ። ማይክሮሶፍትም በ1993 ባወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ ገጾችን ቆልፎ ለተጠቃሚ የሚያሳይበትን የራሱን መንገድ አበጀ።

የድራይቨሩ ሥራ ምን እንደሆነ ጠጋ ብለን እንየው። 1 ሜጋባይት ቋት ያለው የካሜራ ድራይቨር አለ እንበል፤ 256 ገጽ ነው። ፕሮግራሙ የካሜራውን ፋይል ከፍቶ «ኤምማፕ» ሲል ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ ከየት ጀምሮ፣ ምን ያህል። ከርነሉ በፕሮግራሙ አድራሻ ውስጥ ባዶ ቦታ መርጦ መነሻና መድረሻውን ይመዘግብና ድራይቨሩን ይጠራዋል። አሁን ኳሷ ድራይቨሩ እጅ ናት። መጀመሪያ ልኬት፤ ፕሮግራሙ ከ200ኛው ገጽ ጀምሮ 100 ገጽ ከጠየቀ ድምሩ 300 ነው፣ ቋቱ 256 ነው፣ መልሱ «አይሆንም» ነው። ቀጥሎ ፈቃድ፤ ማንበብ ብቻ ወይስ መጻፍም? ከዚያ የቋቱን እውነተኛ አድራሻ ለ4,096 አካፍሎ የገጹን ቁጥር ያገኛል፤ በመጨረሻም «ሪማፕ ፒኤፍኤን ሬንጅ» የተባለውን ጥሪ ይጠራል። ይህ ጥሪ የፕሮግራሙን የገጽ ሠንጠረዥ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ከመሃል ይወጣል።

ይህ ጥሪ ያለበት መልክ ላይ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። ቀዳሚው «ሪማፕ ፔጅ ሬንጅ» የመሣሪያ ሜሞሪን እንጂ ተራ ራምን ማሳየት አይወድም ነበር። ድራይቨሩ የራሱን ገጾች አስቀድሞ «የተያዘ» የሚል ምልክት ካላደረገባቸው ፕሮግራሙ የሚያየው በዜሮ የተሞላ ገጽ ነው፤ የስህተት መልእክት ደግሞ የለም። ስንቱ ድራይቨር ጸሐፊ «መረጃዬ የት ገባ?» እያለ አድሯል። በዲሴምበር 2004 የወጣው ሊኑክስ 2.6.10 አዲሱን ጥሪ አመጣ። አድራሻ መቀበሉ ቀርቶ የገጽ ቁጥር መቀበል የጀመረው 32 ቢት ማሽኖች ከ4 ጊጋባይት በላይ ራም መያዝ በመጀመራቸው ነው፤ እንዲህ ያለው አድራሻ 32 ቢት ውስጥ አይገባም፣ የገጹ ቁጥር ግን ይገባል። ሩቢኒ፣ ኮርቤትና ክሮ-ሃርትማን የጻፉት የሊኑክስ ድራይቨሮች መጽሐፍ ሦስተኛ እትም በ2005 ሲወጣ 15ኛውን ምዕራፍ ለዚሁ ጉዳይ ሰጠው።

ሌላም ወጥመድ አለ። «ኬማሎክ» የሚሰጠው ሜሞሪ በራም ላይ ተያይዞ የተቀመጠ ነው፤ አንድ መነሻ ይበቃዋል። «ቪማሎክ» የሚሰጠው ግን ለከርነሉ የተያያዘ ይምሰል እንጂ በራም ላይ የተበታተነ ነው፤ ገጽ በገጽ ማሳየት ያስፈልጋል። ይህን ሳይለይ እንደ መጀመሪያው ያሳየ ድራይቨር ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ የማን እንደሆነ የማያውቀውን ሜሞሪ ለተጠቃሚ ይገልጣል። ድራይቨሩ ቋቱን የሚለቅበት ጊዜም ጥያቄ ነው፤ ፕሮግራሙ ገጹን እያየ ቋቱ ከተለቀቀ፣ ያ ገጽ ነገ ለሌላ ሰው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከርነሉ እያንዳንዱን ገጽ ስንት ሰው እንደያዘው ይቆጥራል።

ከርነሉ ራሱም ለራሱ ጉዳይ ገጽ ማሳየት ለመደ። ፕሮግራሞች «ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጥያቄ ያበዛሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ወደ ከርነል ገብቶ መውጣት ውድ ነው። በ2.6 ዘመን ሊኑክስ ሰዓቱን አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ለሁሉም ፕሮግራም ለንባብ ብቻ ማሳየት ጀመረ። ማንም ሊኑክስ ያለው ሰው ተርሚናል ላይ የ«ፕሮክ ሰልፍ ማፕስ»ን ፋይል ቢከፍት በዝርዝሩ ግርጌ «ቪቫር» እና «ቪዲሶ» የተባሉ መስመሮች ያገኛል፤ የመጀመሪያው ላይ የንባብ ምልክት አለ፣ የጽሕፈቱ ቦታ ላይ ሰረዝ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ያለው ሰዓት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም.። ከርነሉ መስከረም ወይም ጳጉሜን የሚባል ነገር አያውቅም፤ ያን የሚያሰላው ፕሮግራሙ ነው። በመጀመሪያ ይህ ገጽ በማንኛውም ማሽን ላይ በአንድ ቋሚ አድራሻ ይቀመጥ ነበር፤ አጥቂዎች የት እንዳለ አስቀድመው ስለሚያውቁት ተጠቀሙበት፤ ኋላ አድራሻው በየጊዜው እንዲቀያየር ተደረገ።

ፊደሉ ድባጤ ሲደርስ

ሴፕቴምበር 1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ለፊደላት ቁጥር የሚመድበው መስፈርት፣ የኢትዮጵያን ፊደል በ345 ቁጥሮች መዘገበ። የ256 ማነቆ ተፈታ። ለአማርኛ፣ ለትግርኛና ለግዕዝ ትልቅ ድል ነበር። ሌሎች ቋንቋዎቻችን ግን ገና ወረፋ ላይ ነበሩ።

በ2008 መገባደጃ የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ገበያ ወጣ። አንድሮይድ ከሥሩ ሊኑክስ ነው፤ የጀርባ አጥንቱ ግን ባይንደር የተባለ ድራይቨር ነው። የባይንደር ሥር ቢ ከተባለው ኩባንያ ወደ ፓልም፣ ከዚያ ወደ አንድሮይድ የመጣ ነው። አንድሮይድ ላይ እያንዳንዱ አፕ ለብቻው ታጥሮ ይኖራል፤ ከሌላው ጋር የሚነጋገረው በባይንደር በኩል ነው። በዩኒክሱ የመገልበጥ መንገድ ቢሄድ አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል፦ ከላኪው ወደ ከርነል፣ ከከርነል ወደ ተቀባዩ። ባይንደር ተቀባዩን አስቀድሞ 1 ሜጋባይት ገደማ የሆነ የከርነል ቋት ያሳየዋል፤ መልእክት ሲመጣ ከርነሉ በቀጥታ እዚያ ላይ አንድ ጊዜ ይገለብጣል። ተቀባዩ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም።

ኦክቶበር 2010 ዩኒኮድ 6.0 ወጣ፤ በውስጡ «ኢትዮፒክ ኤክስቴንድድ-ኤ» የተባለ አዲስ ክፍል ነበረው። 32 ፊደላት ይዟል። አሥራ ስምንቱ ለጋሞ፣ ለጎፋ፣ ለዳውሮና ለባስኬቶ ጽሕፈት የሚያገለግሉ ናቸው፤ አሥራ አራቱ የጉሙዝኛ ናቸው፦ ከ«ꬠ» እስከ «ꬦ» ሰባት፣ ከ«ꬨ» እስከ «ꬮ» ሰባት። ጉሙዝኛ በመተከል ከድባጤ እስከ ጉባ፣ ከማንዱራ እስከ ወንበራ ይነገራል። ድባጤ ወረዳ ጉሙዙ ከሺናሻው፣ ከአማራው፣ ከኦሮሞውና ከአገው ጋር የሚኖርበት አገር ነው፤ ገበያ የወጣ ሰው በአንድ ቀን ሦስትና አራት ቋንቋ ይሰማል። ከአማርኛ ፊደል ውጭ የሆኑት የጉሙዝኛ ድምፆች በስልክ ለመጻፍ በመጀመሪያ ቁጥር ያስፈልጋቸው ነበር፤ ያን በ2010 አገኙ።

ዛሬ ድባጤ ውስጥ አንድ ሰው በአንድሮይድ ስልኩ «ꬨ»ን ቢጽፍ ምን ይሆናል? ጣቱ መስታወቱን ሲነካ የንክኪው ድራይቨር ጥቂት ባይት ያዘጋጃል። እነዚህ ባይቶች በአሮጌው መንገድ ይገለበጣሉ፤ ለጥቂት ባይት ሲባል ሠንጠረዥ ማስተካከል ከመገልበጥ የበለጠ ውድ ነው። ኪቦርዱ ፊደሉን ለይቶ በባይንደር በኩል መልእክት ወደሚጻፍበት አፕ ይልከዋል፤ እዚህ ላይ የታየው ቋት ሥራውን ይሠራል። አፑ የፊደሉን ቅርጽ የሚያገኘው ከፎንት ፋይል ነው፤ «ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ» ይባላል። ፋይሉን ከርነሉ አንዴ ራም ላይ ያስቀምጠዋል፤ አፖቹ ሁሉ ያንኑ ገጽ ያያሉ። አሥር አፕ ቢከፈት የ«ꬨ» ቅርጽ ራም ላይ ያለው አንድ ጊዜ ነው፤ ራሙ ጠባብ በሆነ ርካሽ ስልክ ላይ ይህ ቁም ነገር ነው። በመጨረሻ ስክሪኑ አለ። 720 በ1,600 ነጥብ ያለው ስክሪን፣ ለነጥብ 4 ባይት ቢታሰብ፣ አንድ ምስሉ 4.6 ሜጋባይት ነው፤ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ 276 ሜጋባይት ይሆናል። ይህን ሁሉ እየገለበጡ መዝለቅ ባትሪውን ይበላዋል። ስለዚህ የሥዕሉ ቋት ራሱ ከአፑ፣ ከምስል አቀናባሪውና ከስክሪኑ ድራይቨር ጋር በጋራ ይታያል። የ1981ዱ ፒሲ ስክሪን አንድ ገጽ ይበቃው ነበር፤ ይኸኛው ለአንድ ምስል 1,125 ገጽ ይፈጃል።

ወሰኑ ሲሳት

መጋራቱ በየኪሱ በገባ ማግስት የልኬቱ ስህተት መታየት ጀመረ። ዲሴምበር 2012 በሳምሰንግ ኤክሲኖስ 4 ቺፕ በሚሠሩ ስልኮች፣ ጋላክሲ ኤስ3 እና ኖት 2ን ጨምሮ፣ «ዴቭ ኤክሲኖስ ሜም» የተባለ ፋይል ተገኘ። ለካሜራና ለግራፊክስ ሥራ የተከፈተ ነው። ማንኛውም አፕ እንዲያነበውና እንዲጽፍበት ተፈቅዶ ነበር፤ ድራይቨሩም የስልኩን ራም በሙሉ ያሳይ ነበር፣ ከርነሉን ጨምሮ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ለካሜራው ፍጥነት ሲባል ስልኩ በሙሉ ተገለጠ። ሳምሰንግ በሚቀጥለው ወር ማስተካከያ ማውጣት ጀመረ።

የ2013ቱ ይበልጥ ረቂቅ ነው፤ ጥፋቱ የአንድ ኩባንያ ሳይሆን የሊኑክስ የራሱ የፍሬምበፈር ድራይቨር ነበር። ድራይቨሩ ለክቷል፤ መነሻውንና መጠኑን ደምሮ ከቋቱ ጋር አመዛዝኗል። ነገር ግን የኮምፒውተር ቁጥር ጣሪያ አለው፤ ከጣሪያው ያለፈ ድምር ተጠቅልሎ ትንሽ ቁጥር ይሆናል። አጥቂው እጅግ ትልቅ መነሻ ሰጠ፣ ድምሩ ተጠቅልሎ አነሰ፣ ድራይቨሩም «ይሁን» አለ። በአንዳንድ የሞቶሮላ ስልኮች ላይ የከርነሉ ሜሞሪ በሙሉ ለንባብና ለጽሕፈት ተከፈተ። ቶርቫልድስ በኤፕሪል 2013 «ቪኤም አዮማፕ ሜሞሪ» የተባለ አጋዥ ጥሪ ጻፈ፤ ልኬቱን እያንዳንዱ ድራይቨር ለየብቻው ከሚያደርገው ከርነሉ አንድ ቦታ ላይ በትክክል እንዲያደርገው።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ይፋ የሆነው ሜልትዳውን የተባለ ቀዳዳ ግን ማንም ድራይቨር ጸሐፊ ያልተሳሳተበት ነው። ለዓመታት ከርነሎች ራሳቸውን በእያንዳንዱ ፕሮግራም አድራሻ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። በ32 ቢት ሊኑክስ ላይ ከ4 ጊጋባይቱ አድራሻ 3ቱ የፕሮግራሙ፣ 1ዱ የከርነሉ ነበር። ወደ ከርነል ሲገባ ሠንጠረዥ መቀየር ስለማያስፈልግ ፈጣን ነው፤ ከለላው ያ ከ1985 ጀምሮ የነበረው አንድ ቢት ነው። የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ፣ የሳይበረስ ቴክኖሎጂና የኦስትሪያው ግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ያን ቢት ከማክበራቸው በፊት ለቅጽበት አስቀድመው እንደሚያነቡና የተነበበው ካሽ በተባለው የፕሮሰሰሩ ፈጣን ሜሞሪ ላይ ዱካ እንደሚተው አሳዩ። ሊኑክስ 4.15 በዚያው ወር መጨረሻ ከርነሉን ከፕሮግራሞች ሠንጠረዥ አወጣው፤ ለመግቢያ የሚያስፈልጉ ጥቂት ገጾችና ሆን ተብሎ የሚታየው የሰዓቱ ገጽ ብቻ ቀሩ። ለዚህም በፍጥነት ተከፈለ።

የፍጥነት ጥማት ግን አልበረደም። በሜይ 2019 ሊኑክስ 5.1 የጄንስ አክስቦን «አዮ ዩሪንግ» ይዞ ወጣ። ፕሮግራሙና ከርነሉ ሁለት የጋራ ቀለበቶች አሏቸው፤ በአንዱ ፕሮግራሙ ጥያቄ ያስቀምጣል፣ በሌላው ከርነሉ መልስ ይመልሳል። እዚህ ላይ አዲስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጥያቄው ያለበት ገጽ ለፕሮግራሙም ክፍት ስለሆነ ከርነሉ ቁጥሩን መርምሮ «ደህና ነው» ካለ በኋላ፣ ከመጠቀሙ በፊት፣ ፕሮግራሙ ሊቀይረው ይችላል። ስለዚህ ከርነሉ መጀመሪያ ወደ ራሱ ይገለብጣል፣ ከዚያ የገለበጠውን ይመረምራል። መገልበጥን ለማስቀረት የተጀመረው መንገድ ለደኅንነት ሲባል ወደ መገልበጥ ተመለሰ፤ አሁን ግን የሚገለበጠው ጥቂት ባይት ብቻ ነው። በ2023 ጉግል ለሽልማት ከቀረቡለት የሊኑክስ ከርነል ጥቃቶች 60 በመቶው አዮ ዩሪንግን የተጠቀሙ መሆናቸውን ገልጾ፣ ክሮምኦኤስ ላይ ዘጋው፣ የአንድሮይድ አፖችም እንዳይደርሱበት አደረገ።

ከዲሴምበር 2022ቱ ሊኑክስ 6.1 ጀምሮ የከርነል ክፍሎችን በራስት ቋንቋ መጻፍ ይቻላል፤ በ2023 የጉግል መሐንዲሶች ባይንደርን በራስት ጽፈው ለሊኑክስ ገንቢዎች አቀረቡ። ራስት የድርድርን ወሰን ያለፈን ንባብ ይከለክላል፤ የተለቀቀ ሜሞሪን መልሶ መጠቀምንም ገና ኮዱ ሲገነባ ይይዛል። የ2013ቱን የሚመስል ስህተት እንዲቀንስ ይረዳል። የ2012ቱን ግን አይመልሰውም፤ «ይህን ፋይል ማንም ይክፈተው፣ ራሙን በሙሉ ያሳይ» ብሎ የሚወስን ሰው በየትኛውም ቋንቋ ቢጽፍ ያንኑ ይጽፋልና። አሶሳም ሆነ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን ድራይቨር የሚጽፍ ተማሪም «ኤምማፕ»ን ከመጻፉ በፊት የትኛውን ገጽ፣ ለማን፣ በምን ፈቃድ፣ እስከ መቼ የሚሉትን መመለስ ይኖርበታል፤ ከፕሮግራሙ የመጣ ቁጥር ሁሉ ሐሰት ሊሆን ይችላል ብሎም መነሣት አለበት።